ለራሱ ልጅ ያላስታጠቀው ቀበቶ

እኔ በቀላሉ የምጸየፍ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ እንግልውድ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የሰው ገላ አጥባለሁ፣ የተበላሸ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ሌላው አፍንጫውን ይዞ ከሚሸሽበት ክፍል ወጥቼ እጄን ታጥቤ ምሳዬን እበላለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው አስጠላኝ ስል የሽታ ጉዳይ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ወንድም ግርማ እንዲያውም ሽቶው ከሩቅ የሚያውድ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው ሲጨብጥ በሁለት እጁ የሚጨብጥ ሰው ነበር። እስከ ዛሬ ያን ሽቶ ሊፍት ውስጥ ካሸተትኩት ያቅለሸልሸኛል።

ይህን የምጽፈው ሰውየውን ለማማት አይደለም፤ ለሐሜት ቢሆን ስልክ ይበቃኝ ነበር። እናንተም ነገ ከምታከብሩት ሰው እጅ አንድ ነገር ስትቀበሉ ትዝ እንዲላችሁ ብዬ ነው።

ጊዜው ኮሎራዶ ማሪዋና እንደ ማንኛውም ዕቃ በሱቅ እንዲሸጥ የፈቀደችበት ሰሞን ነው። እኛ አውሮራ ውስጥ አንዲት አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ ሳምንቱን አብዛኛውን ቤት የለም። ልጄ ሕሊና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ የተወለደች፣ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ፣ በቁመት ያለፈችኝ ልጅ። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቷ ባለው መንገድ ላይ አረንጓዴ መስቀል የሰቀሉ የማሪዋና ሱቆች አንድ ሁለት እያሉ ሲከፈቱ በኅብረታችን ያለን ወላጆች እንቅልፍ አጣን። ኅብረት የምለው እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ተከራይተን የምናመልክባትን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጾምን፣ ጸለይን፣ ልጆቹን ሰብስበን ገሠጽን። ልጆቹም ስልካቸውን እየነካኩ አዳመጡን።

በመጨረሻ የወጣቶቹ መሪ ናሆም አንድ ሐሳብ አመጣ። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተራራው ወስጄ ዓለት መውጣት ላስተምራቸው አለ። እሱ ራሱ በገመድ ታስረው ግድግዳ የሚወጡበት ጂም ውስጥ ጥቂት ወራት ተምሯል። እናቶች ተንጫጫን። ገደል ለመውጣት ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ባሕር የተሻገርነው? ነገር ግን የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ በቀለ «ከዕፅ ገደል ይሻላል» ብለው ደመደሙት። ሁሉም ሳቀ፤ ጉዳዩም በሳቅ ጸደቀ።

ዕቃውን ከየት እናምጣ ሲባል ወንድም ግርማ እጁን አወጣ። ግርማ ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ተቆጣጣሪ ነው። ከዚያ ውጭ ሴንቴኒያል ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ያገለገሉ የስፖርት ዕቃዎች ይሸጣል። ስኪ በሉት፣ ብስክሌት በሉት፣ ድንኳን በሉት፣ የማይሸጠው የለም። ብዙ ሳይቆይ «የጀማሪ ጥቅል» ያለውን አዘጋጅቶ መጣ። በጥቅሉ ውስጥ ሄልሜት፣ ገመድ የሚያያዝበት ብረትና ቀበቶ አለ። ቀበቶ ስላችሁ የሱሪ ቀበቶ እንዳይመስላችሁ። ወገብንና ሁለቱን ታፋ አቅፎ የሚይዝ፣ ገመዱ ከፊት የሚታሰርበት መታጠቂያ ነው። ልጅቷ እጇ ከዓለቱ ቢያመልጥ አየር ላይ የሚያስቀራት እሱ ነው። ረጃጅሞቹን ገመዶች ደግሞ ኅብረቱ ለጋራ ከዚያው ከእሱ ገዛ።

ሽያጩ የተካሄደው እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ በአዳራሹ ፓርኪንግ፣ ከግርማ ቫን ኋላ ነበር። እዚህ ላይ የእኛን ነገር ታውቃላችሁ። የፈረንጅ ሱቅ ብገባ ስፌቱን ገልብጬ፣ ዚፑን ከፍቼ ዘግቼ፣ ሻጩን አሰልችቼ ነው የምገዛው። ከወንድም ግርማ እጅ ግን እንዴት ተደርጎ? «ለልጆቻችን ብዬ ነው» እያለ የሰጠህን ዕቃ ፊቱ ላይ ማገላበጥ ሌባ ነህ ከማለት አይተናነስም። ደግሞም ለእያንዳንዱ ጥቅል እጁን ጭኖ ይጸልይ ነበር። ለእኔም ተራዬ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ሆይ፣ ልጃችንን ሕሊናን ከውድቀት ጠብቃት» አለ። የተጸለየበትን ዕቃ ማን ገልብጦ ያያል? እኔ ያየሁት ጥቁር መሆኑንና ማብረቅረቁን ነው። አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ልብስ ላጥብ ስል የሕሊና ክሬም ሱሪ ወገቡና ታፋው ላይ ጥቁር ነገር ተነክሮ አገኘሁት። የመኪና ቅባት መሰለኝ። ሳሸተው ግን በደንብ የማውቀው ሽታ ነው፤ የጫማ ቀለም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጠየቅኳት። ቀበቶውን ሳሎን ውስጥ ታጥቃ ስትለማመድ እንደነበር ነገረችኝና «ማሚ፣ ጀስት ዋሽ ኢት» ብላ፣ እጠቢውና ይበቃል ማለቷ ነው፣ ወደ ክፍሏ ገባች።

የጫማ ቀለም ቀበቶ ላይ ምን ይሠራል? ቀበቶውን ከቦርሳዋ አውጥቼ በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት። ጨርቁ ጠቆረ። ከቀለሙ ሥር የወጣው ግራጫ ነበር፤ የተፋፋቀ፣ ጠርዙ እንደ አሮጌ መወልወያ የተንጨባረረ። የተሠራበት ዓመት የሚጻፍበት ምልክት በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። የባሰው ደግሞ ወገቡ ላይ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቀበቶው ሙሉ በሙሉ ለሁለት ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ተጋጥሞ በተራ የልብስ ስፌት መኪና ተሰፍቷል። ነጩ ክር እንዳይታይ በማርከር ተቀብቷል።

ሄልሜቱን አነሳሁ። ጎኑ ላይ «ጌታ ጠባቂዬ ነው» የሚል የኅብረታችን ስቲከር ተለጥፎበታል። እሁድ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ ስንጥቅ አለ፤ በስንጥቁ ውስጥ ሙጫ ደርቋል። ብዙ ዓይነት ቁስል አይቻለሁ። የጌታን ስም የስንጥቅ መሸፈኛ ያደረገ ሰው ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ቀበቶውን በፌስታል አድርጌ ሕሊናን አስነሣኋትና ዴንቨር ወደሚገኝ አንድ የመወጣጫ ጂም ነዳሁ። በሩ ላይ ፓርክ አድርጌ ገባን። መስተንግዶው ላይ ክንዷ በንቅሳት የተሞላ ወጣት ሴት ነበረች። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ተቀበለችን። ቀበቶውን እንደያዘች ግን ፈገግታው ጠፋ። ስፌቱን በአውራ ጣቷ ተጭና አየች፣ ወደ ብርሃን ያዘችው፣ ከዚያ ማን እንደሸጠልን ጠየቀች። ዘመድ ነው አልኩ፤ አፌ ሌላ ቃል አላወጣ አለኝ።

ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳችን። እንዲህ ዓይነት ቀበቶ ሲያረጅ ጂሞቹ ይጥሉታል። ሲጥሉት ደግሞ ሆን ብለው ወገቡ ላይ ይቆርጡታል፤ ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ አንሥቶ የሚታጠቀው ሰው እንዳይኖር። «እንዳይሠራ ብለን የቆረጥነውን ሰው ሲሰፋው ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። ቀበቶውን መልሳ ስትሰጠኝ በሁለት ጣቷ ይዛ ነበር።

መኪናው ውስጥ ሕሊና «ማሚ፣ ኤቭሪባዲ ሃዝ ዘ ሴም ዋን» አለችኝ። እውነቷን ነው። የኅብረቱ ልጆች በሙሉ ከዚያው ቫን የወጣ ቀበቶ ነበር የያዙት። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ናሆም እየመራ ወደ ዓለቱ ሊወስዳቸው ነው።

ከዚያው በቀጥታ ሴንቴኒያል ሄድን። ሕሊናን መኪና ውስጥ ትቻት ወረድኩ። የግርማ ጋራዥ ክፍት ነበር። አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ ቀበቶ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በብሩሽ ይወለውላል። የጫማ ቀለሙ ቆርቆሮ አጠገቡ ተከፍቷል። ሲያየኝ አልደነገጠም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «እህት ሶስና፣ ተባረኪ፣ ግቢ» ብሎ እጁን ጠርጎ ሊጨብጠኝ ተነሣ። እጄን አልሰጠሁትም። ቀበቶውን ዘርግቼ ስፌቱን አሳየሁት።

እንደ ሕፃን ያስረዳኝ ጀመር። አሜሪካኖች ማባከን ይወዳሉ አለ። ትንሽ የተፋቀ ዕቃ ሁሉ የሚጥሉት አዲስ እንዲገዛ ነው፣ የካምፓኒዎች ተንኮል ነው፣ ለመሆኑ እኛ አገር ተቀደደ ተብሎ ሳይሰፋ የተጣለ ነገር አለ ወይ አለኝ። እኔም ሰው መንገድ ዳር የተወውን ሶፋ ቤቴ እንዳስገባሁ አስታውሶ ሊያስቀኝ ሞከረ። እውነት ነው፣ አስገብቻለሁ። ሶፋው ላይ ግን ተንጠልጥሎ ገደል የሚወርድ የለም።

«ይሄ ተቀዶ አይደለም፤ ሰው እንዳይታጠቀው ብለው የቆረጡት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። ድምፁ ሲጸልይ እንደሚያወጣው ለስላሳ ነው። «ታዲያ ለጀማሪ ምን ያደርጋል እህቴ? ጀማሪ እኮ ከፍ አይልም።»

መልስ ፍለጋ ፊቴን ሳዞር ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሌላ ቀበቶ አየሁ። ሰማያዊ ነው፤ የሱቁ ካርድ ገና አልተበጠሰለትም። ከጎኑ አዲስ ሄልሜት ተሰቅሏል። የማን እንደሆነ ጠየቅኩት። የዮናታን ነው አለኝ። ዮናታን ልጁ ነው፤ በዕድሜም በጀማሪነትም የሕሊና እኩያ፣ ቅዳሜም አብሯት የሚወጣ።

ማየቴን አየ። ወዲያው ድርድር ጀመረ። ለሕሊና ብቻ አዲስ ዛሬውኑ ሱቅ ሄዶ ገዝቶ እንደሚያመጣላት ነገረኝ፤ ነገሩን በፍቅር እዚሁ እንጨርሰው፣ ለሌሎቹ መንገር አያስፈልግም አለኝ። የሌላውን ሰው ልጅ መያዣ እንዳደርግ እኮ ነው የጠየቀኝ። ቀበቶውን ይዤ ወጣሁ።

ማታውን በሙሉ በስልክ ላይ አመሸሁ ብል ማጋነን አይደለም። ናሆም አዳመጠኝና በጣም ተጨነቀ። ነገር ግን ወንድም ግርማን እንዲህ ባለ ነገር ለመጠርጠር ከበደው፤ የኅብረታችን ሥርዓት አለ አለኝ። ወንድም ቢበድልሽ መጀመሪያ ለብቻው ትነግሪዋለሽ። እንቢ ካለ ሽማግሌዎች ባሉበት ትነግሪዋለሽ። ያንንም እንቢ ካለ ለጉባኤው ይነገራል። ጉባኤው መቼ ነው አልኩት። እሁድ ነው አለኝ። ልጆቹ ገደሉ ላይ የሚሰቀሉት ቅዳሜ፣ ጉባኤው የሚሰማው እሁድ። ይሄን ሲናገር ራሱን የሰማው አልመሰለኝም። የደወልኩላት አንዲት እናት ደግሞ «ወንድም ግርማን ነው? አይ እህቴ፣ ፈተና ገብቶብሻል» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ሌሎቹም ከእሷ ብዙ አልተለዩም።

ዓርብ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ናቸው። ጋሽ በቀለ ከፊት፣ ግርማ አንገቱን ደፍቶ ከመሐል፣ ጋሽ ተስፋልደት ከኋላ። ጋሽ ተስፋልደት ኤርትራዊ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ከእኛ ከአዲስ አበቤዎቹ የጠራ አማርኛ የሚናገሩ፣ ዴንቨር ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው። ከወጣቶቹ መሐል ዘመድ እንኳ የላቸውም። የመጡት ጋሽ በቀለ ስለ ጠሯቸው ብቻ ነው።

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ይሄን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። የይቅርታ ሽማግሌ የተበደለው ሰው እሺ ሳይል ወንበርም አይነካ፣ እህል ውሃም አይቀምስ። ጋሽ በቀለም ይህንኑ አሉኝ። «ልጄ ሶስና፣ እሺ ሳትይን አንቀመጥም። ውሃሽንም አንቀምስም።»

ግርማ ጎንበስ ብሎ እህቴን አሳዝኛለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። በምን እንዳሳዘነኝ ግን አልተናገረም። እኔም ይቅርታው ቀላል እንደሆነ ነገርኳቸው። አሁን እዚሁ ሆኖ ለወላጆቹ ሁሉ ይደውል፣ ቀበቶው ተቆርጦ የተሰፋ ነው ይበላቸው፣ እኔም ይቅር ብዬው እራት አብረን እንብላ አልኩ።

ጋሽ በቀለ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰው ስም እንዲህ በስልክ አይጣልም አሉ። ግርማ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው፣ የኅብረቱም ገበና ነው፣ ወሬው ፈረንጅ ጋ ቢደርስ ፖሊስ ነው፣ ክስ ነው። እሁድ ቀስ ብለን በጥበብ እንይዘዋለን አሉ። ልጆቹ የሚሄዱት ነገ ነው አልኳቸው። እሳቸውም በጣም ደግ በሆነ ፊት መለሱልኝ።

«እንግዲያው ያንቺን ልጅ ነገ አትላኪያት። አለቀ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቁጡ ነበርኩ እንጂ አልተጸየፍኩም። በዚያች ቃል ግን ተጸየፍኩ። እኚህ ሰው ሕሊናን ያጠመቁ፣ ስትታመም ሆስፒታል ድረስ መጥተው የጸለዩላት ሰው ናቸው። የእሷ ነፍስ ከዳነች የሌሎቹ እንዳሻው ይሁን የሚል ሂሳብ ያቀረቡልኝ ለእኔ አስበው ነው። ሕሊና የኩሽናውን በር ተደግፋ ትሰማለች። አማርኛው ይገባታል፤ ሁልጊዜም ይገባት ነበር።

«እሺ ጋሽ በቀለ፣ ይቅር እላለሁ» አልኩ።

ጋሽ በቀለ ተነፈሱ። እጃቸው ወደ ወንበሩ መሄድ ጀምሮ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ» አልኩ። ቀበቶውን ከፌስታሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ግርማ ፊት አስቀመጥኩት። «ነገ ዮናታን ይሄን ይታጠቅ። ሕሊና የዮናታንን ትታጠቅ። ወንድም ግርማ ለጀማሪ ምንም አያደርግም ብሎኛል። ይሄን እሺ ካለ እኔው እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ግርማ ቀበቶውን አልነካውም። ዓይኑን እንኳ ሊያሳርፍበት አልፈለገም። ጋሽ በቀለ እሺ ይላል ብለው ጠበቁ፤ እኔም ክፉኛ ተናድጄም ቢሆን፣ ምናልባት አምኖበት ይሆናል፣ ምናልባት ሞኝ እንጂ ክፉ አይደለም እያልኩ ጠበቅኩ። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ቴሌቪዥን ይሰማል።

«የዮናታን… ለእሱ ልክ ተብሎ የተገዛ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ልካቸው አንድ ነው፤ ሱሪም ይዋዋሳሉ» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልመለሰም።

አሁን ይሄን ያየ ሽማግሌ ምን ይላል ትላላችሁ? ጋሽ በቀለ ለግርማ አዘኑለት። «አባት ነው እንግዲህ» አሉኝ። «ልጁን በመውደዱ ይፈረድበታል? አንቺ ብቻ ይቅር በይው።»

በዚህ ጊዜ ጋሽ ተስፋልደት፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተናገሩት ሰው፣ ኮፍያቸውን አወለቁና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ውሃ ስጪኝ» አሉ።

ጋሽ በቀለ ክው አሉ። «ጋሽ ተስፋልደት፣ ገና አልታረቁም እኮ!»

«አውቃለሁ። የመጣሁት ጠብ ላበርድ ነበር። ይሄ ግን ጠብ አይደለም» አሉ ጋሽ ተስፋልደት። ሕሊና ከእኔ ቀድማ ውሃውን አመጣች። ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት፤ ሽምግልናውም በዚያ ብርጭቆ ፈረሰ። ብርጭቆውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩዋት። የጓደኞቿን ወላጆች ስልክ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት።

«አዎ አባባ፣ ሁሉም አለኝ» አለች ልጄ። በአማርኛ ነው የመለሰችው።

እሷ እየደወለች ስልኩን ትሰጣቸዋለች፣ እሳቸው ይናገራሉ። ለሁሉም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «ተስፋልደት ነኝ። የነገውን ቀበቶ ልጅዎን እንዳያስታጥቁ። ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።» አይሳደቡም፣ የግርማን ስም አይጠሩም፣ አያብራሩም። ለእኔ ፈተና ገብቶብሻል ያለችኝ ሴት እንኳ ለእሳቸው እሺ አባቴ ብላ ዘጋች። ግርማ በመጀመሪያው ስልክ ላይ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ጋሽ በቀለ ጥቂት ቆመው «ቤት አፈረስሽ» አሉኝና ተከተሉት። እንደቆሙ መጡ፣ እንደቆሙ ሄዱ።

ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዳራሹ ፓርኪንግ ሄድን፤ ያልሰማ ልጅ ቢኖር ብዬ ነው። ወላጆች ቀበቶውን በፌስታል እየያዙ መጥተው አስፋልቱ ላይ ቆለሉት። ናሆም ትልቁን ገመድ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው የመጣው። ዓይኑ ቀልቷል። እያንዳንዱን በእጄ ስቤ ፈትሼው ነበር፣ ተጋንኗል፣ ወንድም ግርማ እንዲህ አያደርግም አለኝ። ልከራከረው አልፈለግኩም። የሕሊናን ቀበቶ አነሳሁና አንዱን ጎን ለእሷ ሰጠኋት። እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ አንሶላ አጥበን ስንጨምቅ እንደምናደርገው ሳብነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስንስበው ስፌቱ ተተርትሮ ሁለታችንም ወደ ኋላ ተንገዳገድን።

ሕሊና እጇ ላይ የቀረውን ግማሽ አየችና ከዚያ ታፋዋን በእጇ ዳሰሰችው። ናሆም ገመዱን ከትከሻው አወረደ፤ እንደ እባብ ነበር የጣለው። ልጆቹ ያን ቀን ዓለት አልወጡም። ፒዛ በልተው ገቡ። የግርማ ቫን አልመጣም፤ ዮናታንም፣ ያ አዲሱ ሰማያዊ ቀበቶውም አልመጡም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። እሁድ ጉባኤው ተሰበሰበ። ግርማ ከፊት ወንበር ላይ፣ በተተኮሰ ሸሚዙ ተቀምጧል። ጋሽ በቀለ መድረክ ላይ ወጥተው ወንድማችን ከባድ ፈተና ውስጥ ስለሆነ እንጸልይለት አሉ። ሰው ተራ በተራ እየሄደ አቀፈው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ለእኔም ተጸልዮልኛል፤ የመራርነት መንፈስ እንዲለቀኝ። ስለ ልጆቹ የጸለየ ግን አልሰማሁም። ከመዝሙሩ በፊት ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ፤ ተመልሼም አልገባሁበትም። ሕሊና ከኋላዬ መጥታ የመኪናውን በር ከፈተችልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአማርኛ ስጠይቃት በአማርኛ ትመልስልኛለች፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ አሁን ሌላ ኅብረት አለኝ፤ እምነቴንም አልጣልኩም። የተለወጠብኝ ሌላ ነው። ድሮ ሰውን የምመዝነው በሰላምታው፣ በጸሎቱ፣ በሁለት እጅ በመጨበጡ ነበር። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ዕቃ የሚሸጥልኝን፣ ምክር የሚሰጠኝን፣ ከመድረክ ላይ ሆኖ ታገሡ የሚለኝን ሁሉ ለራስህ ልጅ የቱን ሰጠኸው ብዬ እጠይቀዋለሁ። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ኢንስፔክተሯ እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። ስፌት ገልብጬ ሳይ ይሉኝታዬ አሁንም ጎኔን ይወጋኛል፤ ቢሆንም እገለብጠዋለሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ቀን ስልኬ ላይ የአበሾች ማስታወቂያ ሳገላብጥ ያገለገሉ የሕፃናት የመኪና ወንበሮች የሚሸጥ ሰው አየሁ። ፎቶው ላይ ከወንበሮቹ ጀርባ የሚታየውን ጋራዥ አወቅኩት። ወንበሮቹ ሁሉ ይብረቀረቃሉ። ደወልኩ።

«ሃሎ፣ ተባረኪ» አለ ያው ለስላሳ ድምፅ። አላወቀኝም። አደጋ ከደረሰበት መኪና የወጣ፣ ዳግም ሕፃን የማይታመንበት ወንበር እንዳይሆን ብዬ ጠየቅኩት። ሳቅ አለ።

«ለአራስ ልጅ ምን ያደርጋል እህቴ? አራስ እኮ ብዙ አይንቀሳቀስም።»

«ዮናታን ልጅ ቢወልድ በዚህ ታስቀምጠዋለህ?» አልኩት።

ያን ዝምታ አወቅኩት። ሳሎኔ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ስልኩን የዘጋው እሱ ነው፤ እኔ ግን አላስቀመጥኩትም። ማስታወቂያው የወጣበትን ገጽ ወደሚያስተዳድሩት ሰዎች ደወልኩ፣ ከዚያ የዕቃ ደኅንነት ለሚቆጣጠረው የመንግሥት ቢሮ ደወልኩ። ለሽማግሌም አልነገርኩ፣ እሁድንም አልጠበቅኩ።